መዋጮው በጀቱን እንዳይተካ፦ የከተማ ቤተ መጻሕፍትን ስለ መታደግ

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ቀን አይዘጋም። መጀመሪያ አዲስ መጽሐፍ መግባቱ ይቆማል። ቀጥሎ ጋዜጣው ይቀራል። የተቃጠለው አምፖል ሳይቀየር ይከርምና የማታው አገልግሎት ይታጠፋል። ኢንተርኔቱ «ክፍያው አልተለቀቀም» ተብሎ ይቋረጣል። በመጨረሻ በሩ ክፍት፣ ሠራተኛው በቦታው ሆኖ ሳለ የሚመጣው የራሱን ደብተር ይዞ መቀመጫ የቸገረው ተማሪ ብቻ ይሆናል። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን ቤተ መጻሕፍቱ «አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል»።

ይህ ጽሑፍ በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በመቂ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ እንዲህ ያለውን ቀስ በቀስ መክሰም አይተው «ምን እናድርግ?» ለሚሉ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ መጽሐፍና ገንዘብ እናሰባስብ የሚል ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያስኬደው። ሕዝብ የሚያዋጣው ብር የመንግሥትን በጀት እንዲስብ ሆኖ ካልተዋጣ ቦታውን ይተካና በጀቱን ያስቀረዋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ከበጀቱ አሠራር እንነሣ።

ቅነሳው የሚያርፍበት ቦታ

የአንድ መሥሪያ ቤት መደበኛ በጀት በሁለት ይከፈላል፦ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ። ግንባታና ትልልቅ ዕቃ በካፒታል በጀት ለብቻው ይያዛል። በጀት ሲጠብ የተቀጠረ ሰው ደመወዝ አይነካም፤ መቀሱ የሚያርፈው ሥራ ማስኬጃው ላይ ነው። የመጽሐፍ መግዣው፣ ጋዜጣው፣ ጽሕፈት መሣሪያው፣ የመብራትና የኢንተርኔት ክፍያው፣ የወንበርና የመደርደሪያ ጥገናው ሁሉ ያለው ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው።

ለስሌት እንዲመች ምሳሌ እንውሰድ። ዓመታዊ በጀቱ 1,200,000 ብር የሆነ ቤተ መጻሕፍት አለ እንበል፤ 1,000,000 ብሩ ደመወዝ፣ 200,000 ብሩ ሥራ ማስኬጃ ነው። ከተማው «ከሁሉም 10 በመቶ ይቀነስ» ቢል 120,000 ብር መውጣት አለበት። ደመወዙ ስለማይነካ ሙሉው ብር የሚወጣው ከሥራ ማስኬጃው ነው። የሚተርፈው 80,000 ብር ይሆናል። በወረቀት ላይ 10 በመቶ የተባለው ቅነሳ አንባቢው ዘንድ ሲደርስ 60 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «ትንሽ ነው የተነካው» የሚል መልስ ስትሰሙ የተነካው ከየትኛው መደብ እንደሆነ ጠይቁ።

ማንም ሳይቀንሰው የሚያንስ በጀትም አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። መጽሐፍ የሚታተምበት ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ የመጽሐፍ ዋጋም ከዚሁ ጋር ይወጣል። የመጻሕፍት መግዣው ለሦስት ዓመት በዚያው ቁጥር ቢቆይ በሪፖርቱ ላይ «አልተቀነሰም» ይባላል፤ ወደ መደርደሪያው የሚገባው ግን ከዓመት ዓመት ያንሳል።

ሦስተኛው ችግር የቤተ መጻሕፍቱ አድራሻ ነው። የከተማ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የራሱ በጀት ያለው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ እንደየከተማው በባህልና ቱሪዝም፣ በትምህርት ወይም በወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሥር ያለ አንድ የሥራ ክፍል ነው። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትና በለጋሾች ገንዘብ ሲካሄድ የነበረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ትኩረት የሰጠው ለአምስት ዘርፎች ነበር፦ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለውኃና ለገጠር መንገድ። ቤተ መጻሕፍት በስሙ ከአምስቱ ውስጥ የለም። በጀት አዘጋጁ ቅድሚያ ሲደረድር «ሌሎች» የሚለው ረድፍ ውስጥ ይወድቃል፤ እዚያ ረድፍ ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ ጠያቂ ከሌለው ማንም አያስታውሰውም።

ሌሎች ከተሞች ምን አደረጉ?

በብረት ሥራ የከበረው የስኮትላንድ ተወላጅ አሜሪካዊ አንድሩ ካርኔጊ እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1929 ባሉት ዓመታት በገንዘቡ 2,509 ቤተ መጻሕፍት በተለያዩ አገሮች እንዲሠሩ አድርጓል። ስጦታው ግን ግዴታ ነበረው። ከተማው መሬቱን ማቅረብ፣ ከዚያም የስጦታውን 10 በመቶ በየዓመቱ ከራሱ ገቢ ለማስተዳደሪያ ለመመደብ መስማማት ነበረበት። 50,000 ዶላር የተቀበለ ከተማ በየዓመቱ 5,000 ዶላር ይመድባል። ሰውዬው ሕንፃ ሲሰጥ የበጀት መደብ እያስከፈተ ነበር ማለት ይቻላል።

በካሊፎርኒያ የደራሲው የጆን ስታይንቤክ የትውልድ ከተማ ሳሊናስ እ.ኤ.አ. በ2004 በገንዘብ እጥረት ሦስቱንም ቤተ መጻሕፍት ለመዝጋት ወሰነች። ነዋሪው ገንዘብ አሰባስቦ በሮቹ ባጠሩ ሰዓቶችም ቢሆን ክፍት እንዲቆዩ አደረገ። ጉዳዩ ግን በመዋጮው አልተቋጨም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 የከተማው መራጭ በሽያጭ ታክስ ላይ ግማሽ ሳንቲም እንዲጨመር በድምፁ ወሰነ። መዋጮው የገዛው ጊዜን ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱን ያቆየው ታክሱ ነው። በብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ በተደረገው የወጪ ቅነሳ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 800 የሚጠጉ ቤተ መጻሕፍት ተዘግተዋል፤ ከተረፉት ውስጥ የተወሰኑት ደመወዝ ለሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ተላልፈዋል። በጎ ፈቃደኛው በሩን ከፈተ፤ ምክር ቤቱም ወጪውን ተገላገለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን እናገኛለን። የነገሌ ቦረናው ተወላጅ በስደት አሜሪካ ሄዶ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ፣ ለኢትዮጵያውያን ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ፈልጎ አጣ። ራሱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ የተረት መጽሐፍ አዘጋጀ፤ ከሽያጩና ከወዳጆች ድጋፍ በተገኘው ገንዘብም በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ፣ በመኖሪያ ቤቱ ምድር ወለል ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በሐዋሳ መጽሐፍ በጋሪ የጫነች አህያ ወደ ልጆቹ ሰፈር መጓዝ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ 10 ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት፣ ሕዝብ ማንበቢያ ቢያገኝ ማንበብ እንደሚፈልግ በተግባር ማሳየት መቻሉ ነው። የአንድ ሰው ትጋት በር ይከፍታል፤ ያንኑ በር ለ30 ዓመት ክፍት ማድረግ ግን የተቋም ሥራ ነው።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተመሠረተው ኮድ-ኢትዮጵያ በአነስተኛ ከተሞች የኅብረተሰብ ቤተ መጻሕፍት ሲያቋቁም ሥራውን የሚያካፍለው በዚህ አስተሳሰብ ነው። ነዋሪውና የአካባቢው አስተዳደር ቤቱን ያቀርባሉ፤ አስተዳደሩ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ድርጅቱ መጽሐፍና ሥልጠና ይሰጣል። ሠራተኛው በመንግሥት የደመወዝ መዝገብ ላይ ከገባ ቤተ መጻሕፍቱ ቢያንስ ስሙ የሚጠራበት ወረቀት አገኘ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወዳጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ገንዘብ እያሰባሰበ የብራና መጻሕፍትና የጥበብ ሥራዎች ለተቋሙ ሲገዛ ኖሯል። ማኅበሩ የሚሸፍነው ዩኒቨርሲቲው በመደበኛ በጀቱ የማይገዛውን ነው። ለከተማ ቤተ መጻሕፍት የሚቋቋም የወዳጆች ማኅበርም በዚህ ድንበር ቢሠራ ይበጀዋል።

ከሳጥኑ በፊት መዝገቡ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ገንዘብ ከመጠየቅ በፊት ሁለት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል፦ ማን እንደሚጠቀምና ስንት እንደሚወጣ።

የመጀመሪያው የሚገኘው ከቤተ መጻሕፍቱ የተጠቃሚ መዝገብ ነው። ብዙ ቦታ መዝገቡ በር ላይ ያለ፣ ስምና ፊርማ ብቻ የያዘ ደብተር ነው። በዚያው ደብተር ላይ አራት ዓምድ ቢጨመር ነገሩ ይለወጣል፦ የገባበት ሰዓት፣ ዕድሜ ወይም የክፍል ደረጃ፣ የፈለገው መጽሐፍ፣ አገኘው ወይስ አላገኘውም። የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉም ይበልጣል። በአንድ ወር ውስጥ «የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ፣ የለም» የሚል ጽሑፍ 70 ጊዜ ተጽፎ ከተገኘ ያ ገጽ ከማንኛውም ንግግር የተሻለ የግዢ ዝርዝር ነው። ቦታ ጠበበ የሚባለውም ከሰዓቱ ዓምድ ይታያል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት የሚመጣው ሰው ከወንበሩ ቁጥር ከበለጠ የማታ አገልግሎት ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አይቸግርም።

ሁለተኛው መረጃ ከፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ይጠየቃል። በፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት አሠራር መሠረት የከተሞችና የወረዳዎች በጀትና ወጪ ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ሰሌዳው ላይ ያለው የጽሕፈት ቤቱ ጥቅል ድምር ብቻ ከሆነ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። ደብዳቤው አጭር ይሁን። «ላለፉት ሦስት ዓመታት ለቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ማስኬጃ የተመደበው፣ የተለቀቀውና ሥራ ላይ የዋለው በየዓመቱ ስንት ነው?» ሦስቱ ቃላት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተመድቦ ያልተለቀቀ ገንዘብ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ተለቅቆ ያልተሠራበት ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ቅነሳ ምክንያት ይሆናል።

ገንዘቡን ማሰባሰብ

በእኛ አገር ገንዘብ አዋጥቶ በሥርዓት መያዝን ከዕድር የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ አለው፤ ሰው በየወሩ ይከፍላል፤ ያልከፈለ ይጠየቃል። ስለዚህ የወዳጆች ማኅበር ሲመሠረት ከዜሮ ከመጀመር የሰፈሩን ዕድሮች መጋበዝ ይሻላል። አንድ የዕድር ዳኛ በስብሰባ መካከል ተነሥተው «ልጆቻችን የሚያጠኑበት ቦታ ነው» ቢሉ ከመቶ በራሪ ወረቀት ይበልጣል። በዕድር ብቻ መወሰን ካልተፈለገ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቀድሞ የነበሩ ገደቦችን አንሥቶ ማኅበራት የፖሊሲ ጉዳይ ላይ ጭምር እንዲሟገቱ በሩን ከፍቷል። በክልል ደረጃ ብቻ የሚሠራ ማኅበር ለምዝገባው ወደ ክልሉ መሥሪያ ቤት ይሄዳል።

እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ምንጭ አለው። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ የመንግሥት ግምገማ፣ የድርጅቶች ሥልጠና፣ የማኅበራት ጉባኤ በሆቴሎቿ አዳራሾች ይካሄዳል። ሆቴሎች ከተባበሩ በእያንዳንዱ ጉባኤ ጥሪ ወረቀት ላይ «ለከተማው ቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ይዘው ይምጡ» የሚል መስመር ማስገባት ምንም አያስወጣም፤ የሚፈለጉት መጻሕፍት ዝርዝር አብሮ ካልተላከ ግን የሚመጣው ቤት ያጣበበ አሮጌ ማኑዋል ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብና የቆዳ ፋብሪካዎች፣ ባቱ የአበባ እርሻዎች፣ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ ቢሾፍቱ የሐይቅ ዳር ሆቴሎች አሏቸው። በውጭ የሚኖሩ የከተማው ተወላጆች ደግሞ ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ይልቅ በየወሩ አነስተኛ ቢልኩ ማኅበሩ ማቀድ ይችላል።

ከተዋጣ በኋላ ያለው ሥነ ሥርዓት ነው የማኅበሩን ስም የሚያቆመው። ነዋሪው ለብዙ ነገር አዋጣ ይባላል፤ የት እንደገባ ያልተነገረው መዋጮም ያውቃል። ስለዚህ ብሩ በሁለት ወይም በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ለ50 ብርም ቢሆን ደረሰኝ ይቆረጥ፤ ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይለጠፍ። ለመንግሥት የሚሰጠው በዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ጥሬ ገንዘብ ለመሥሪያ ቤት ሲሰጥ ወደ መንግሥት ካዝና ገብቶ በበጀት ሥርዓት ካልወጣ ለተፈለገው ነገር መዋሉ አስቸጋሪ ነው። መጽሐፍና ወንበር ግን ሲገቡ የንብረት ገቢ ደረሰኝ በሆነው በሞዴል 19 ይመዝገቡ። ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት መጽሐፍ የመንግሥት ንብረት ሆኖ አይቆጠርም፤ ቢጠፋ የሚጠየቅ የለም፤ ምክር ቤት ፊት «ሕዝቡ ይህን ያህል አስገብቷል» ለማለትም ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ በብሩ ምን ይገዛ? መብራትና የጽዳት ዕቃ ከመዋጮ ከተገዛ በሚቀጥለው ዓመት የበጀት ስሚ ላይ የፋይናንስ ባለሙያው የሚሰጠው መልስ ይታወቃል፤ «ሕዝቡ እየሸፈነው አይደል እንዴ?» ይላል። ክፋት የለውም፤ ከሱ ፊት ውኃ የሌለው ትምህርት ቤት ጥያቄም ተቀምጧል። ስለዚህ ማኅበሩ ከመግዛቱ በፊት የካርኔጊን ስልት በደብዳቤ ያድርገው፦ «በዚህ ዓመት የ200,000 ብር መጻሕፍት እናስገባለን፤ ጽሕፈት ቤቱ በበኩሉ ከሚቀጥለው በጀት ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ 40,000 ብር ለመጻሕፍት መግዣ በተለየ መደብ እንዲይዝ እንጠይቃለን።» በሁለቱም ወገን ማኅተም ያረፈበት ስምምነት ከሆነ ከንቲባውም የጽሕፈት ቤት ኃላፊውም ቢቀየሩ ፋይሉ ይቀራል። ከተሞቹ በኮሪደር ልማት እየተቀየሩ ባሉበት በዚህ ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ይዞታ ካርታ እንዲወጣለትም በዚያው ደብዳቤ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ምክር ቤቱን ማስረዳት

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። ሐምሌ ላይ በጀት ከጸደቀ በኋላ ሰልፍና አቤቱታ ማብዛት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ጥያቄው መግባት ያለበት ጽሕፈት ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድና በጀት በሚያዘጋጁበት ወቅት፣ ከበጋው አጋማሽ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ የሚነገረው ቤተ መጻሕፍቱ ላለበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው፤ እሳቸው በጥያቄያቸው ውስጥ ካላስገቡት ምክር ቤቱ ዘንድ የሚደርስ ነገር የለም። ቀጥሎ ለፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ፣ ከዚያ ለምክር ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ፣ በመጨረሻ ለየቀበሌው ተመራጮች በአካል ይነገራል።

ሰኔም የራሱ ዕድል አለው። በጀት እንዳይቃጠል ሲባል በዓመቱ መጨረሻ ላይ ጥድፊያ የበዛበት ግዢ ይካሄዳል። የሚፈለጉት መጻሕፍት ዝርዝር ከሦስት መጻሕፍት መደብሮች ፕሮፎርማ ጋር ግንቦት ላይ ተዘጋጅቶ ለግዢ ክፍሉ ከቀረበ፣ ከሌላ ሥራ የተረፈ ገንዘብ ተዘዋውሮ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ያልተዘጋጀ ግን ሰኔ መጥቶ ያልፈዋል።

ስሚው ላይ ምን ይባል? «ንባብ የዕድገት መሠረት ነው» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ በዚህ የተነሣ በጀት የጨመረ ምክር ቤት ማግኘት ግን ይከብዳል። የሚሰማው የሚያሳስባቸውን ነገር የሚነካ ቃል ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። በየከተማው ወላጅ ያስጨነቀ ጉዳይ ነው። ቤተ መጻሕፍት ይህን ብቻውን ይፈታዋል ብሎ መናገር ተገቢ አይደለም፤ ምክር ቤቱም አያምንም። ነገር ግን መዝገቡን ገልጦ «በዚህ ወር ከመጡት ውስጥ ይህን ያህሉ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ የጠየቁት መጽሐፍ ይህ ነው፤ ያላገኙት ይህ ነው፤ ዋጋውም ይህ ነው» ማለት ይቻላል። ከዚያ አንድ ተማሪና አንድ ወላጅ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይናገሩ።

የአዳማና የአካባቢዋ ከተሞች አንባቢ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያነባል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ብዙዎቹ በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ሆነው መደርደሪያው ላይ የሚበዛው ሌላ ከሆነ ወላጆቻቸው ለቤተ መጻሕፍቱ የሚሟገቱበት ምክንያት የላቸውም። የግዢ ዝርዝሩም የማኅበሩ ኮሚቴም በከተማው ልክ ይሁኑ። አቤቱታውም በሁለቱ ቋንቋዎች ይጻፍ።

በመጨረሻ ስለ መለኪያው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አዳዲሶቹ አንባቢዎች እንዳይረሱ ተብሎ በየቦታው የንባብ ክፍሎች ተከፍተው ነበር። በዘመቻ የተከፈተ ክፍል ዘመቻው ሲበርድ ማን ቁልፉን እንደሚይዝና ማን አምፖሉን እንደሚገዛ ካልተወሰነ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ለቤተ መጻሕፍት የሚደረግ የገንዘብ ማሰባሰቢያም በአንድ ምሽት ስንት ብር ቃል ተገባ በሚለው ቢመዘን ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። የሚመዘነው በሦስተኛው ዓመት ነው። ማኅበሩ ደጅ ሳይጠና፣ ኃላፊው ሳይለመኑ፣ የመጻሕፍት መግዣው በከተማው የበጀት ሰነድ ላይ ራሱን ችሎ ከወጣ የተዋጣው ብር ሥራውን ሠርቷል። ካልወጣም ለአራተኛ ጊዜ ከማዋጣት በፊት ከጽሕፈት ቤት ኃላፊው እስከ ቀበሌ ተመራጩ ያላመነው ማን እንደሆነ መለየትና ወደዚያው መሄድ ይገባል።